ፖርቶመጋላ፣ ተሳቢ ወይስ መኪናው ውስጥ? ከጅማ ስንወጣ ዕቃ የት እንጫን

ኅዳር ሲገባ ጅማ ላይ ዝናቡ ፋታ ይሰጣል። ሰው መውጣት ያምረዋል። አንዱ ወደ ቦንጋ፣ አንዱ በበደሌ አድርጎ ወደ መቱ፣ ሌላው ዘመድ ሊጠይቅ በጊቤ በኩል ወደ አዲስ አበባ። ከዚያ በየቤቱ ያው ጭቅጭቅ ይመጣል፦ ይሄ ሁሉ ዕቃ የት ይገባል?

እኛ ቤትም ለዓመታት እንዲሁ ነበር። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ። መኪናችን ያረጀች ራቭ ፎር ናት። መጀመሪያ ሁሉንም ውስጥ እንጠቀጥቅ ነበር። ቀጥሎ ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ፖርቶመጋላ፣ አስገጠምን። ከዚያ የባለቤቴ ወንድም ብየዳ ቤት ያሠራትን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ እየተዋስን መጎተት ጀመርን። ውጭ አገር ሰዎች አልጋና ማዕድ ቤት ያለው ሙሉ ቤት ከመኪና ኋላ ጎትተው እንደሚዞሩት ዓይነት አይደለችም፣ ሸራ የለበሰች የብረት ሳጥን ናት፤ የአጫጫኑ ሕግ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሦስቱንም ስለሞከርናቸው የቱ ለማን እንደሚሆን ልጻፍላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው "ምን ልያዝ?" ብሎ ይጀምራል። እኔ አሁን "ይህ ዕቃ መቼ ይከፈታል?" ብዬ ነው የምጀምረው። መንገድ ላይ የሚከፈት አለ። ማታ ስንደርስ የሚከፈት አለ። ችግር ሲመጣ ብቻ የሚፈለግ አለ። ጨርሶ የማይከፈት ደግሞ አለ፤ እሱ ቤት ይቀራል። ይህን ከለያችሁ በኋላ የት እንደሚጫን ዕቃው ራሱ ይነግራችኋል።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ከሆነና አልጋ የምትይዙ ከሆነ፣ ሁሉም መኪናው ውስጥ ይግባ። ድንኳን ይዛችሁ ሦስት አራት ሌሊት ከሆነ ፖርቶመጋላው ይበቃል፣ ቀላል ዕቃ ብቻ እስከሆነ ድረስ። ሳምንት ለመቆየት ካሰባችሁ፣ አቅመ ደካማ ሰው ካለና ፍራሽ ካስፈለገ፣ ወይም ሁለት ቤተሰብ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ግን ተሳቢ ማሰብ ይቻላል። ተሳቢን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው።

መኪናው ውስጥ ብቻ

ይህ ከሁሉም ይሻላል፣ የሚበቃችሁ ከሆነ። ዝናብ አይነካውም። ምሳ ለመብላት ስትወርዱ ዓይናችሁ ጣሪያ ላይ አይቀርም። ከተማ ውስጥም እንደ ልብ ትዞራላችሁ፤ የጅማን ባጃጅ የሚያውቅ ሰው እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ ረጅም ነገር ጎትቶ መታጠፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ችግሩ ሰው ሁልጊዜ ወደ ላይ መቆለሉ ነው። ከኋላ ወንበር መደገፊያ በላይ የተቆለለ ዕቃ፣ መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጆቹ ጭንቅላት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ከባዱ ወለል ላይ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጥ። ቀላሉ ከላይ። የኋላው መስታወት መታየት አለበት፤ ካልታየ ዕቃ በዝቷል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሾፌሩ እግር ስር ምንም ነገር አይቀመጥ። ይህን አጥብቄ የምለው ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ተንከባልሎ ፍሬኑ ስር ሲገባ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ሰኮሩ ሳንደርስ ነበር፣ ቀስ ብለን እየሄድን ስለነበር ተረፍን። ባለቤቴ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ፍሬኑ ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ፕላስቲኩ ሲጨማደድ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚቀመጠው በር ኪስ ውስጥ ወይም እኔ ጋ ነው።

ሻንጣና ቦርሳ ስታወዳድሩ ያለ ጥርጥር ቦርሳ ያዙ። ጠንካራ ሻንጣ የራሱ ቅርጽ ስላለው ዙሪያውን ክፍተት ይተዋል። ጨርቅ ቦርሳ ተጫን ሲሉት ይጫናል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቦርሳ፣ የልጆቹ ቀለማቸው የተለያየ። የሁሉንም ልብስ አንድ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ከከተታችሁ አንድ ካልሲ ለመፈለግ ሙሉ ሻንጣ ትዘረግፋላችሁ።

እናቴን በተመለከተ ሌላም ነገር ተምረናል። ድሮ እግሯ ስር ዘንቢል እናስቀምጥ ነበር፣ "ለእማዬ ምንም አይላትም" እያልን። ስንደርስ እግሯ አብጦ ጫማ አይገባላትም። "ምን ላድርግ ልጄ፣ እናንተን እንዳላስቸግር ብዬ ነው" አለችኝ። አሁን ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ወለል ባዶ ነው። ለዚያ ስንል ሌላ ዕቃ እንተዋለን።

ፖርቶመጋላ

ፖርቶመጋላ የሚሆነው ቦታ ለሚይዝ ግን ክብደት ለሌለው ነገር ነው። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበር። በቃ። ውሃ አይወጣም። ሲሊንደር አይወጣም። የጤፍ ጆንያ አይወጣም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከባድ ነገር ጣሪያ ላይ ሲሆን መኪናው ኩርባ ላይ ይዘማል። ለብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች ጣሪያው እንዲሸከም የተፈቀደለት ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው፣ የፖርቶመጋላው ብረት ክብደት ራሱ ተቆጥሮ። የመኪናችሁን ቁጥር መመሪያ መጽሐፏ ላይ ታገኙታላችሁ። አሁን አስሉት፦ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 40 ኪሎ ይሆናል። ብረቱ ሲጨመር ሌላ ዕቃ ሳትጭኑ ገደቡ ጋ ደረሳችሁ ማለት ነው።

ሌላው ዝናብ ነው። ጅማ "አሁን በጋ ነው" ተብሎ የሚታመን አገር አይደለም፤ በኅዳርም በጥርም ድንገት ሊያወርደው ይችላል። ሸራ ብቻውን አይበቃም። እኛ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን መጀመሪያ ወፍራም ላስቲክ እናለብሰዋለን፣ ከዚያ ማዳበሪያ ውስጥ እናስገባለን፣ ከላይ ሸራ። የሸራው መደራረቢያ ፊቱ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ወደ ፊት ከሆነ ነፋስ ይገባበትና እንደ ከበሮ ይመታል፣ ከዚያ ይቀደዳል።

ማሰሪያውን እናወዳድር። ሲባጎ ርካሽ ነው፣ ግን ይላላል፤ ቋጠሮውም አንዴ ከረጠበ በጥርስም አይፈታም። ከጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጋራዥ ሁሉ ይገኛል፣ በጣም ጥሩ ይይዛል፣ ዕቃው ሲረግብም አብሮት ይሰበሰባል። ፀሐይ ላይ ከከረመ ግን ይሰነጣጠቃል፣ ስለዚህ ስትወጥሩት ስንጥቁን እዩ። የሚወጠረው ቺንጋ ከሁሉም አስተማማኝ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። እኔ የምመርጠው ሁለት ቺንጋ በአግድም፣ ከላይ ላስቲክ። ከወጣችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁሙና እጃችሁን ከስሩ አስገቡ። እጅ እንደ ልብ ከገባ ላልቷል፤ ሁሌም ደግሞ ይላላል፣ ምክንያቱም ፍራሽና ጨርቅ መንገድ ላይ ይጠቀጠቃሉ።

ነዳጅም ይጨምራል። የተቆለለ ዕቃ ነፋስ ስለሚገፋው መኪናዋ ታገለች ማለት ነው። ባዶውን ፖርቶመጋላም ስትመለሱ አውርዱት፣ ዓመቱን ሙሉ ተሸክማችሁት አትዙሩ።

ተሳቢ

አሁን ወደ ከባዱ። ተሳቢ ቦታ ይሰጣል። ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ድስት፣ ውሃ፣ የሁለት ቤተሰብ ዕቃ ይዋጣል። መኪናው ውስጥ ሰው ብቻ ይቀራል፣ እናቴ እግሯን ትዘረጋለች። ስትደርሱ ፈትታችሁ ትተዋላችሁ፣ በባዶ መኪና ትዞራላችሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን ተሳቢ አጫጫን ይፈልጋል። እኛ ይህን የተማርነው ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ነው። ወደ ቦንጋ እየሄድን ነበር። ሸቤን አልፈን መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲወርድ፣ ተሳቢዋ ቀስ ብላ ግራ ቀኝ ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ነፋስ መሰለን። ከዚያ መኪናውን ራሱን ከኋላ ያዝ አድርጋ ትወዘውዘው ጀመር። ባለቤቴ ፍሬን ሊረግጥ ሲል ወንድሙ ከኋላ ወንበር "እንዳትረግጥ! ነዳጁን ብቻ ልቀቅ!" ብሎ ጮኸ። ለቀቀ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ፍጥነቷ ሲቀንስ ረጋች። ዳር ይዘን ስንቆም የማንም ድምፅ አይሰማም ነበር። ወርጄ ሸራውን ስገልጥ ሦስት ሙሉ ጀሪካንና አንድ ጆንያ ከሰል መጨረሻ ላይ፣ ከጎማው ኋላ፣ በሩ ጋ ተደርድረዋል። የደረደርኩት እኔ ነበርኩ። ለማውረድ ይቀላል ብዬ።

ከጎማው ኋላ ክብደት ሲበዛ የተሳቢዋ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል፣ መኪናውን በደንብ አይጫነውም፣ ጭራዋ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል። ከፊት ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ የመኪናው የኋላ ባሌስትራ ወይም ሞላ ይጎብጣል፣ የፊት ጎማ ይቀልላል፣ መሪው ይለሰልሳል። ልኩ መካከል ላይ ነው። ከጠቅላላው ጭነት ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ከጎማው ፊት፣ ቀሪው ከኋላ። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ደግሞ ከተሳቢዋ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን። ተሳቢዋ ከነጭነቷ 400 ኪሎ ከሆነች መንጠቆው ላይ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ማለት ነው።

እንዴት ይመዘናል? ልጆች መንገድ ዳር ይዘውት የሚቀመጡት የሰው ሚዛን ይበቃል። ተሳቢዋን ጭናችሁ፣ ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ጎማዋ ስር ታኮ አድርጋችሁ፣ መንጠቆዋን አጣና ወይም ጣውላ አስደግፋችሁ ሚዛኑ ላይ ታሳርፋላችሁ። መንጠቆዋ መኪናው ላይ ስትሆን በምትቆምበት ቁመት መሆን አለበት። እኛ ሰፈር ከሚመዝን ልጅ ሚዛኑን ለአምስት ደቂቃ ተከራየን። መጀመሪያ 18 ኪሎ አነበበ። ጀሪካኖቹን ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለል ላይ ስናመጣቸው 47 ሆነ። ዕቃው ያው ነው፣ አንድም አልወረደም። በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ቁልቁለት ላይ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተወዛወዘችም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ውሃ፣ ሲሊንደር፣ የድስት ሳጥንና መሣሪያ ከጎማው በላይና ትንሽ ወደ ፊት፣ ወለሉ ላይ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከኋላና ከላይ። ክፍተት አይኑር፤ ክፍተት ካለ ዕቃው ይንሸራተትና የመዘናችሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ክፍተቱን በብርድ ልብስ ወትፉ።

ሌላም ወጪ አላት። ጎማዋ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጎማ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ የመኪናው ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) አይሆናትም። የራሷ ስኮርታ ያስፈልጋታል። ጎማዋ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ ይፈልጋል። ስትቆሙ የጎማዋን መሃል በእጃችሁ ቅረቡት፦ ሞቅ ካለ ደህና፣ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ችግር አለበትና አትቀጥሉ። ስቶፕ መብራቷና ፍሬቻዋ ከመኪናው ጋር መገናኘት አለበት። መንጠቆው ቢለቅ የሚይዛት ሰንሰለትም ከስር ተጠላልፎ ይታሰር። ከመፍታታችሁ በፊት ታኮ፤ ታኮ ሳታደርጉ ከፈታችሁ ቁልቁለት ባይመስላችሁም ትሄዳለች።

አነዳዱም ይለወጣል። ትንንሽ ተሳቢዎች የራሳቸው ፍሬን ስለሌላቸው የሁለቱም ክብደት በመኪናው ፍሬን ላይ ነው። ጊቤ በረሃን ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ፣ ይግልና አይዝም። ከፊት ካለው መኪና ከወትሮው ብዙ ራቁ። ወደ ኋላ ስትሄዱ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ ተሳቢዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ይህን ከመንገድ በፊት አንድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዱ፤ ገበያ ቀን ጅማ ሂርማታ ውስጥ የሚለመድ አይደለም።

የእኔ ፍርድ? ለአምስት ሰው፣ ለሦስት ሌሊት፣ ተሳቢ አያስፈልግም። ቦታ ስላለ ብቻ ይሞላል። ተሳቢ በያዝንበት የመጀመሪያ ጉዞ ካውያ ይዘን ሄደናል። ሳምንት ሙሉ እናቴን ይዘን ድንኳን ውስጥ የምናድር ከሆነ ግን እጎትታታለሁ፣ መዝኜ።

ድንኳን ወይስ አልጋ መያዝ

ይህን ቀድሞ መወሰን የዕቃውን ግማሽ ይወስናል። ቦንጋም ሚዛን ተፈሪም መቱም አልጋ ይገኛል። አልጋ ከያዛችሁ ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ እሳት፣ ሁሉም ይቀራል። የአልጋውን ዋጋ ከነዳጁና ከድካሙ ጋር አስተያዩት። ለእኛ ሁለት ሌሊት ከሆነ አልጋው ያዋጣል።

ድንኳን የሚያዋጣው ከተማ በሌለበት ማደር ስትፈልጉ ነው። ካፋ ጫካ ውስጥ፣ ቡናው ሳይተከል በቅሎ በሚኖርበት፣ ጠዋት ከወፍ ድምፅ ጋር መንቃት ለልጆቼ ከሁሉም የበለጠ ነበር። ያ አካባቢ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ የት ማደር እንደሚቻል ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እሳትም እንደ ፈለጋችሁ አይነደድም።

ጋቢ ወይስ ብርድ ልብስ? ጋቢ እወዳለሁ። ለድንኳን ግን አልይዘውም። ጥጥ ነው፣ ጤዛውን ሁሉ ይጠጣል፣ አንዴ ከረጠበ በእኛ አየር ሁለት ቀን አይደርቅም። ቀላል ብርድ ልብስ ቶሎ ይደርቃል። አንድ ጋቢ ለእናቴ፣ መኪናው ውስጥ፣ እሱ በቂ ነው።

አጎበር አይረሳ። ጅማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቦታ ወባ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ነው የሚታሰበው። የጎጀብም የጊቤም ሸለቆ ከዚህ በጣም ዝቅ ይላል። አጎበር ተጣጥፎ ከአንድ ሹራብ አይበልጥም። "ቦታ የለም" የሚባልበት ዕቃ አይደለም።

ሲሊንደር ወይስ ከሰል

ከሰል በየመንገዱ ይገኛል፣ የጫናችሁት ካለቀም ትገዛላችሁ። ቡናም ለማፍላት ይጥማል። ግን ያቆሽሻል፣ ከረጠበ አይያያዝም። ትንሿ ሲሊንደር ንጹሕ ናት፣ ሻይ በአምስት ደቂቃ ይፈላል፣ ከከተማ ወጥታችሁ ካለቀባችሁ ግን አበቃ።

ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ ይጫናል፣ ተጋድሞ አይደለም። ቧንቧው ተዘግቶ፣ እንዳይወድቅ ታስሮ። ሰው ያለበት መኪና ውስጥ ባይሆን ይመረጣል፣ ተሳቢ ላይ ከሆነ ጥሩ። በትርፍ ጀሪካን የተያዘ ቤንዚን ደግሞ ከሰው ጋር በፍጹም፤ ሽታው ብቻ ልጅ ያስመልሳል፣ አደጋውን ሳንናገር።

ከሰልን በተመለከተ በጣም እለምናችኋለሁ። ብርድ ሲሆን የተያያዘ ከሰል ወደ ድንኳን፣ ወደ መኪና ወይም ወደ ተሳቢ አታስገቡ። ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል አትበሉ። የሚገድለው የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው፣ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ለብርድ ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ካልሲ ጨምሩ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጋችሁ እግር ስር አድርጉ። ከሰሉ ውጭ ይደር።

እኛ አሁን ሁለቱንም ባንድ ላይ አንይዝም። ድንኳን ከሆነ ትንሿን ሲሊንደር ብቻ፣ ለሻይና ለሾርባ። ምግቡ በአብዛኛው ከቤት የተዘጋጀ ነው።

ምግብ

እንጀራና ወጥ ለመጀመሪያው ቀን ነው። አገልግል ውስጥ ገብቶ፣ መንገድ ዳር ዛፍ ስር ሲፈታ የሚሸተው ሽታ በምንም አይተካም። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ እንጀራው አይደርቅም። የፕላስቲክ ዕቃ ግን ለመደራረብና ለማጠብ ይቀላል፣ መረቁም አይፈስም። አገልግሉን ለምሳው፣ ፕላስቲኩን ለመጠባበቂያ ወጥ አድርጉት።

ከሁለተኛው ቀን በኋላ ደረቅ ስንቅ ነው የሚያዋጣው። ጭኮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። በእኛ እርጥበት እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፣ ድርቆሽ ግን ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ውሃና በርበሬ ካለ ፍርፍር ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ ጭኮን የሚያህል የለም። የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ፣ አንድ ኩባያ ሙሉ ልጅን እስከ ማታ ያቆየዋል። እሳት አይፈልግ፣ ውሃ አይፈልግ።

ለጅማ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር። እኛ ብዙ ጊዜ የምንወጣው ከጎረቤት ጋር ነው፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረን። ያኔ ቋንጣና ሥጋ ወጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ሣጥን ይሆናል፣ ዕቃው በእጥፍ ይጨምራል። እኛ የተስማማነው በጉዞ ላይ ሥጋ እንዳይኖር ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ አትክልት። አንድ ድስት፣ አንድ ትሪ፣ ሁሉም አብሮ ይበላል። ዕቃውም ቀለለ፣ ማንም ለብቻው አልተቀመጠም።

ቡና ይኖራል፣ ይህ ድርድር የለውም። ግን ረከቦቱ ቤት ይቀራል። ጀበናዋ በሹራብ ተጠቅልላ ድስት ውስጥ ትገባለች፣ ስድስት ሲኒ በጨርቅ እየተለየ አብሯት። ድስት ቦታ ይይዛል፣ ባዶውን አትጫኑት። መንገድ ላይ ለመጠጣት ደግሞ ከቤት በፔርሙዝ። ያን ቀን ጎጀብ ላይ ሲኒዎቹን ካርቶን ውስጥ ልቅ አድርጌ ነበር የጫንኳቸው፣ ከስድስቱ አንዷ ብቻ ተረፈች፤ ሁላችንም በእሷ በየተራ ጠጣን።

መቀመጫ ላይ ደግሞ የሰፈራችን ነገር ያሸንፋል። የፕላስቲክ ወንበር ቀላል ነው፣ ግን ባለ አራት እግር ስለሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ ይናጋል። ባለ ሦስት እግሯ የጅማ በርጩማ የትም ብትቀመጥ አትነቃነቅም፤ ሦስት እግር ሁልጊዜ መሬት ያገኛል። ክብደቷ እንጨት ስለሆነ ትበልጣለች። ለእናቴ አንድ በርጩማ፣ ለእኛ ሰሌን።

እጅ የሚደርስበት ቦርሳ

የትም ብትጭኑ፣ አንድ ቦርሳ ከሁሉም ተለይቶ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ መጀመሪያ ላይ ይወጣል። እኛ ዘንድ ከፊት ወንበር ኋላ ነው ቦታው። ባትሪ፣ የመኪናውና የተሳቢዋ ወረቀት፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስ፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ፕላስተር፣ የዝናብ ልብስ፣ የልጆች አንድ አንድ ቅያሪ።

የመኪናው መሣሪያ ግን እዚህ አይገባም፣ ከዕቃው ሁሉ ታችም አይቀበርም። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ታኮ። ጎማ የሚተነፍሰው ሁልጊዜ በዝናብ ወይም በጨለማ ነው የሚመስለው፤ ክሪኩን ለማግኘት ሁሉንም ዕቃ ጭቃ ላይ ማውረድ ካስፈለገ አጫጫኑ ስህተት ነበር። በሩን ስትከፍቱ ዳር ላይ፣ ምንም ሳታወርዱ የሚመዘዝበት ቦታ ይሁን።

ከወጣችሁበት ስትመለሱ ዕቃውን ስታወርዱ፣ ያልተከፈተውን ለይታችሁ አንድ ጥግ አስቀምጡና ጻፉት። እኔ ማዕድ ቤት በር ኋላ የለጠፍኩት ወረቀት አለ። ባለፈው ጥር ከመቱ ስንመለስ ያልተከፈቱት አራት ነበሩ፦ ትልቁ ድስት፣ ሁለተኛው ፔርሙዝ፣ የልጄ አዲስ ጫማ፣ ሦስተኛው ጀሪካን። አጎበሩና ክሪኩ ባይከፈቱም አልጻፍኳቸውም።